የራስ ቅማል መድኃኒቶች ንጽጽር፦ ለየትኛው ጸጉር፣ ለየትኛው ዕድሜ፣ ለየትኛው ኪስ

የልጅ ራስ ላይ ቅማል የታየ ዕለት ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ጎረቤት «ላምባ ቀቢያት» ትላለች። ፋርማሲው ለእከክ የሚሰጠውን ሎሽን ያወጣል። ውጭ አገር ያለች አክስት ዘይት የመሰለ ነገር በጠርሙስ ትልካለች። እነዚህ ሦስቱ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም፤ ላምባው ልጅ እስከማቃጠል ይደርሳል። ከዚህ በታች በየቤቱና በየፋርማሲው የሚነሱትን አማራጮች በአንድ ዓይነት መለኪያ እየለካን እናያቸዋለን።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት፦ በሕይወት ያለ ቅማል አለ?

መድኃኒት የሚያስፈልገው የሚንቀሳቀስ ቅማል ሲታይ ነው። ቅጫም ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። ቅማሏ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከራስ ቆዳ ብዙም ሳትርቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሚሊሜትር ውስጥ ነው። ጸጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ከቆዳው ከ1 ሴንቲሜትር በላይ የራቀ ቅጫም በአመዛኙ ቀድሞ የተፈለፈለ ባዶ ቅርፊት ነው። ባዶ ቅርፊት አይቶ መድኃኒት መቀባት ገንዘብ ከማባከኑም በላይ የልጁን ቆዳ በከንቱ ያስቆጣል።

አዋቂ ቅማል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው፤ ሰሊጥ አስቡ። ቅጫም ደግሞ ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም። ፎረፎር በጣት ሲነካ ይንሸራተታል ወይም ይረግፋል፤ ቅጫም ግን ከጸጉሩ ዘንግ ጋር ስለተጣበቀ በጥፍር ይዘው ካልሳቡት አይወጣም። ማሳከክን አትመኑ። መጀመሪያ ጊዜ ቅማል የያዘው ልጅ ማከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡን አዳርሷል ማለት ነው።

ፍተሻው የሚሻለው በእርጥብ ጸጉር ላይ በደቃቅ ሚዶ ነው። በጀርመን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት፣ በሕይወት ያለ ቅማል ካለባቸው ልጆች ውስጥ ጸጉር አርጥቦ ማበጠር 90.5 በመቶውን ሲያገኝ፣ በዓይን ብቻ ማየት ያገኘው 28.6 በመቶውን ነው። ቅማል ብርሃን ይሸሻል፤ ጸጉሩን ሲገልጡበትም ይሮጣል። ውሃና ኮንዲሽነር ግን ለጊዜው ያደነዝዘዋል። ከሁሉ በፊት ከጆሮ ጀርባና ማጅራት አካባቢ ፈትሹ።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች አንድ ነገር እንጨምር። እዚያ አፍሪካ አሜሪካውያን ልጆች ላይ ቅማል እምብዛም ስለማይታይ «የእናንተን ጸጉር አይዝም» የሚል ነገር ትሰሙ ይሆናል። አንዱ ማብራሪያ በዚያ አገር የሚበዛው ቅማል ጥፍሩ ክብ ዘንግ ያለውን ጸጉር ለመጨበጥ የተመቸ ነው የሚል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የራስ ቅማል ጥቅልል ጸጉር ባላቸው ልጆች ላይ የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ ያ አባባል ለእኛ ልጆች ዋስትና አይሆንም።

በምን እንመዝን?

አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ቅጫሙንም ይገድላል ወይስ ቅማሉን ብቻ? ቅማሉ ተላምዶታል ወይ? ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር ወይም ለምታጠባ እናት ይሆናል? ለጥቅልልና ለጥቅጥቅ ጸጉር ይመቻል? በመጨረሻም፣ ስንት ሰው ስንት ጊዜ ሲጠቀምበት ምን ያህል ያስወጣል? አንድ ጠርሙስ ርካሽ ሆኖ ለአራት ልጅ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲባዛ ስምንት ጠርሙስ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ስሌት የሚያስታውሰው ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ የሚከብድበት ምክንያት አለ። እንቁላል ለመፈልፈል ከ7 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። የተፈለፈለው ቅማል አድጎ ራሱ እንቁላል እስኪጥል ደግሞ ከ9 እስከ 12 ቀን። ዛሬ የተቀባ መድኃኒት ቅማሉን ፈጅቶ ቅጫሙን ከተወው፣ በሳምንቱ አዲስ ትውልድ ራሱ ላይ አለ። ሁለተኛውን ዙር በ9ኛው ቀን ብታደርጉት አዲሶቹን እንቁላል ሳይጥሉ ታገኟቸዋላችሁ። በ3ኛው ቀን ብትደግሙት ቅጫሙ ገና አልተፈለፈለም፤ በ20ኛው ቀን ብትደግሙት ደግሞ አዲስ እንቁላል ተጥሏል። «መድኃኒቱ አልሠራም» ከሚባለው ብዙው ከዚህ የቀን ስሌት የሚመነጭ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ያደረጋችሁበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡት።

ፐርሜትሪን 1 በመቶ

የቅማሉን ነርቭ የሚያሽመደምድ መድኃኒት ነው። ከ2 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይፈቀዳል። ቅጫምን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም።

አቀባቡ ላይ ብዙ ስሕተት ይሠራል። መጀመሪያ ሹሩባው ይፈታ፤ በተጎነጎነ ጸጉር ላይ የፈሰሰ ሎሽን መሐል ያለውን ቅማል አይደርስበትም። ቀጥሎ ኮንዲሽነር በሌለው ሻምፑ ይታጠብ። ቅቤ ወይም የጸጉር ቅባት ከነበረ ሁለት ጊዜ ይታጠብ፤ ቅባት መድኃኒቱ ጸጉሩ ላይ እንዳይዝ ያደርገዋል። ከዚያ በፎጣ አድርቁት፣ እርጥበቱ ብቻ ይቅር። ውሃ እየተንጠባጠበ ከቀባችሁት መድኃኒቱን አቅጥናችሁታል። ከቆዳው ጀምሮ እስከ ጫፍ፣ በተለይ ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ቀብታችሁ 10 ደቂቃ ቆዩና እጠቡ። የተለመደው ጠርሙስ 59 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከትከሻ በታች ለወረደ ወይም ጥቅጥቅ ላለ ጸጉር ሁለት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ለ1 ወይም 2 ቀን ጸጉሩን አትጠቡት።

ትልቁ ድክመቱ መላመድ ነው። የእስራኤል ቅማሎች ፐርሜትሪንን እንደተላመዱ እ.ኤ.አ. በ1995 በጥናት ታትሟል፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከቀባችሁ ከ8 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ፈትሹ። ቅማሎቹ ሞተው ወይም እየተንፈራፈሩ ካገኛችኋቸው መድኃኒቱ ይዟቸዋል፤ አበጥሩና 9ኛውን ቀን ጠብቁ። እንደ በፊቱ የሚሮጡ ከሆነ ግን ያንኑ መድኃኒት መጨመር ዋጋ የለውም፣ ሌላ ዓይነት ምረጡ።

ፋርማሲ «1 በመቶው የለም፣ 5 በመቶ ግን አለ» ቢላችሁ፣ እሱ ለእከክ የተዘጋጀ ክሬም መሆኑን እወቁ። መድኃኒቱ ያው ፐርሜትሪን ስለሆነ የተላመደው ቅማል እሱንም ይቋቋማል። አምስት እጥፍ ይሠራል ብላችሁ አትግዙት።

ዲሜቲኮን

ይህ መርዝ አይደለም፤ የሲሊኮን ዘይት ነው። ቅማሉን ለብሶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ስለዚህ ነርቭ ላይ ለሚሠራ መድኃኒት የተላመደ ቅማልም አያመልጠውም። ብራዚል ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ሙከራ፣ 92 በመቶ ዲሜቲኮን የያዘው ምርት በ9ኛው ቀን 97.2 በመቶ ልጆችን ከቅማል አጽድቷል። 1 በመቶ ፐርሜትሪን ያጸዳው 67.6 በመቶውን ነበር።

አቀባቡ የፐርሜትሪን ተቃራኒ ነው፦ በደረቅ ጸጉር ላይ። ውሃ ካለ ዘይቱ አይለብስም። ሙሉው ጸጉር እስኪያብረቀርቅ መጥገብ አለበት፤ የቀረች አንዲት ደረቅ ጉንጉን የመጠለያ ቤት ናት። 4 በመቶ የሆነው ሎሽን ለ8 ሰዓት ወይም ማታ ተቀብቶ እስከ ጠዋት ይቆያል። ሌሎቹ አጭር ጊዜ የሚጠይቁ ስለሆኑ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጊዜ ተከተሉ። በሳምንቱ ይደገማል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ከመርዝ ይልቅ ይሄ ይመረጣል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ሐኪም ይጠየቅ።

ለጥቅልል ጸጉር ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው እንላለን፤ ሚዶ በማይገባበት ቦታ ይገባልና። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለው። ጸጉሩ ላይ እያለ እሳት ይይዛል፤ የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የተቀባች ልጅ ከቡና ከሰል፣ ከጧፍ፣ ከጋዝ ምድጃ አጠገብ አትቀመጥ። ሁለተኛ፣ በጸጉር ማሳመሪያ ሴረም ላይ «ዲሜቲኮን» የሚል ስም ማየት የተለመደ ነው። መጠኑና አሠራሩ ግን ለቅማል ስላልተዘጋጀ አይተካውም። በአቅራቢያ ካልተገኘ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይዞት ቢመጣ የሚያስቆጭ ሸክም አይደለም።

በሚዶ ብቻ ማበጠር

ርካሹ መንገድ ነው፤ ዋጋው ጊዜ ነው። ሁለት የብሪታንያ ሙከራዎች የተለያየ ውጤት አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሙከራ፣ ማላታይዮን የተባለው የቅማል መድኃኒት ሎሽን 78 በመቶ፣ ማበጠር 38 በመቶ ፈወሰ ብሏል። በ2005 የወጣው ደግሞ ማበጠር 57 በመቶ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ፀረ ቅማል 13 በመቶ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ማበጠር በአበጣሪው ትዕግሥትና በሚዶው ጥራት፣ መድኃኒት ደግሞ በአካባቢው ቅማል ላይ መመሥረቱ ነው።

የሚገዛው ሚዶ የብረት ሆኖ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.3 ሚሊሜትር የማይበልጥ ይሁን። የላስቲኩ ጥርስ ይለጠጥና ትንንሾቹን ያሳልፋል። ጸጉሩን እጠቡ፤ ኮንዲሽነር በብዛት ቀቡና በተለመደው ሰፊ ሚዶ ቋጠሮውን ፍቱ። ከዚያ በአራት ወይም በስድስት ክፍል በማስያዣ ለዩት። ደቃቁን ሚዶ ቆዳውን እስኪነካ አስገብታችሁ እስከ ጫፍ ሳቡ፤ በየሳቡ ቁጥር ነጭ ሶፍት ላይ ጥረጉና ተመልከቱ። እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ። በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ቀን ይደረጋል፤ በ17ኛው ቀን ይፈተሻል። በመሐል ትልቅ ቅማል ከተገኘ ሌላ ሰው አምጥቶታል ማለት ነውና ቆጠራው እንደገና ከ1 ይጀምራል።

እናቶች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ልጅ ሲቀምሉ የኖሩት የዚህኑ ሥራ ነው። ጣት ግን ትልልቁን ብቻ ይለቅማል፤ ገና የተፈለፈሉትን ያለ ሚዶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጥቅልል ጸጉር ላይ ደቃቅ ሚዶ ያሠቃያል፤ የምታለቅስ ልጅ ደግሞ ለሁለተኛው ቀን አትቀመጥም። እንዲህ ከሆነ በዚህ ዘዴ ላይ ብቻ አትመኩ።

አይቨርሜክቲን

ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለውን የዓይንና የቆዳ በሽታ ለመከላከል በጅምላ ሲሰጥ ነው። ባለ 3 ሚሊግራም እንክብል ሲሆን፣ ለቅማል የተለመደው መጠን በ1 ኪሎ ክብደት 200 ማይክሮግራም ነው፤ ማለትም ለ30 ኪሎ ልጅ 2 እንክብል። ቅማሉ ደም ሲጠጣ ይሞታል፤ ቅጫሙ ግን ይተርፋል፤ ስለዚህ ከ7 እስከ 10 ቀን በኋላ ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትልቅ ሙከራ ላይ እጥፍ መጠን (400 ማይክሮግራም) ተሰጥቶ 95.2 በመቶ ሲጸዱ፣ በማላታይዮን ሎሽን የጸዱት 85 በመቶ ነበሩ።

ከ15 ኪሎ በታች ላለ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ሐኪም ሳያዝ አይወሰድም። ቦታው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲከሽፍ ወይም ብዙ ልጆች በአንድ ግቢ ሲያዙ ነው። ለከብት የተሠራውን የአይቨርሜክቲን መርፌ ወይም ፈሳሽ ለሰው ማዋል ፈጽሞ አይገባም፤ መጠኑ ለበሬ ክብደት የተሠራ ነው።

0.5 በመቶ የሆነው የአይቨርሜክቲን ሎሽን የተለየ ነገር ነው። በአሜሪካ ከ2020 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ከ6 ወር ጀምሮ ይፈቀዳል፣ በደረቅ ጸጉር ላይ ለ10 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይቀባል። ዋጋው ግን ከፐርሜትሪን ከፍ ይላል።

ሌሎቹ ባጭሩ

ስፒኖሳድ 0.9 በመቶ ቅጫምም ስለሚገድል ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ይበቃዋል፤ አሜሪካ ውስጥ በማዘዣ ነው፤ ውድ ነው። ማላታይዮን 0.5 በመቶ የራስ ሎሽን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል፤ አልኮል ስላለው ይቀጣጠላል፤ አሜሪካ ውስጥ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም።

ቤንዚል ቤንዞኤት፣ ብዙ ሰው «ቢቢኤል» የሚለው፣ የእከክ መድኃኒት ነው። በየፋርማሲው ስለሚገኝና ርካሽ ስለሆነ ለቅማልም ይሰጣል። ቆዳ ያቃጥላል፣ በተለይ ልጁ አክኮ ባቆሰለው ራስ ላይ፤ በውጤትም ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ሌላ አማራጭ እያለ አትጀምሩበት።

መላጨት ወዲያው ይሠራል፤ ጸጉር ከሌለ ቅማል የሚይዘው የለም። ለትንሽ ወንድ ልጅ ሌላ ምክር አያስፈልግም። ሴት ልጅን ግን በግድ መላጨት ትምህርት ቤት ለመሳለቂያ መዳረግ ነው። ቅማል ለዚህ የሚያበቃ በሽታ አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚሞከሩት

ላምባ፣ ፍሊት፣ ለነቀዝ የሚገዛ የእህል ማላታይን፣ የተረፈ ዲዲቲ፦ አንዳቸውም ራስ ላይ አይፈሱም። ላምባ ቆዳ ይልጣል፤ እሳት አጠገብ ከሆነ የልጅን ሕይወት ያጠፋል። የእርሻ ማላታይን በቆዳ በኩል ገብቶ ነርቭን ይመርዛል፤ ትውከት፣ ምራቅ መዝረክረክ፣ የትንፋሽ ማጠር ካመጣ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ነው። ከፋርማሲው የራስ ሎሽን ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ጥንካሬውና ማሟሟቻው ሌላ ነው።

ለጋ ቅቤ፣ የምግብ ዘይትና ማዮኔዝ ቅማሉን ያዘገዩታል፤ ሲታጠብ ግን ነፍስ የሚዘራ ብዙ ነው። ኮንዲሽነር ከሌለ ዘይት ለማበጠር ማለስለሻ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ኮምጣጤ የቅጫሙን ሙጫ አያሟሟም። እንዶድ ቀንድ አውጣ መግደሉን አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አስተውለዋል፤ ይህ ግን ስለ ቅማል የሚነግረን ነገር የለም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ክፉኛ ያቃጥላል።

| አማራጭ | ቅጫም ይገድላል? | ስንት ዙር | ከስንት ዕድሜ | ለጥቅልል ጸጉር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፐርሜትሪን 1% | በከፊል | 2 (በ9ኛው ቀን) | 2 ወር | ይሆናል፣ ቅባት ከታጠበ | ዝቅተኛ |
| ዲሜቲኮን | እንደ ምርቱ | 2 (በሳምንቱ) | 6 ወር | በጣም ይመቻል | መካከለኛ |
| ማበጠር ብቻ | ያነሳል እንጂ አይገድልም | 4 እና ፍተሻ | ለሁሉም | ያስቸግራል | ሚዶ ብቻ |
| አይቨርሜክቲን እንክብል | አይገድልም | 2 | ከ15 ኪሎ በላይ | ለውጥ የለውም | ዝቅተኛ፣ በሐኪም |
| አይቨርሜክቲን ሎሽን | የተፈለፈለውን ይገድላል | 1 | 6 ወር | ይሆናል | ከፍተኛ |
| ስፒኖሳድ | አዎ | 1 ወይም 2 | 6 ወር | ይሆናል | ከፍተኛ |
| ቢቢኤል | በአስተማማኝ አይደለም | ከ1 በላይ | ሐኪም ይጠየቅ | ይሆናል፣ ያቃጥላል | ዝቅተኛ |
| መላጨት | ከጸጉሩ ጋር ይሄዳል | 1 | ለሁሉም | ለውጥ የለውም | ዝቅተኛ |

ለማን የቱ?

ገንዘብ ጠባብ ሆኖ ልጆቹ ብዙ ከሆኑ፦ አንድ ጥሩ የብረት ሚዶ ግዙ፣ ሁሉንም ፈትሹ፣ ፐርሜትሪኑን ቅማል የተገኘባቸው ላይ ብቻ አውሉት። ለጥንቃቄ ብሎ ያልያዘውን ልጅ መቀባት መድኃኒት ማባከን ነው። አንድ አልጋ የሚጋራ ወንድም ወይም እህት ግን ሊታከም ይችላል።

ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን፦ በእጅና በሚዶ ማንሳት ብቻ። ነፍሰ ጡር፦ ማበጠር ወይም ዲሜቲኮን። ፐርሜትሪን በትክክል ሁለት ጊዜ ተቀብቶ የከሸፈበት ቤት፦ ዲሜቲኮን፣ እሱ ከሌለ ወደ ሐኪም ሄዶ ስለ አይቨርሜክቲን መጠየቅ። ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ያላትና ማበጠር የማትችል ልጅ፦ ዲሜቲኮን፣ ጸጉሩም ከታጠበ በኋላ ሹሩባ ይሠራ። ሥራ በዝቶበት ሁለተኛውን ዙር እረሳለሁ የሚል አሜሪካ ያለ ወላጅ፣ አቅሙ ካለው ስፒኖሳድ ወይም የአይቨርሜክቲን ሎሽን ቢገዛ ያዋጣዋል።

እንዳይመለስ

ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፤ የሚተላለፈው ራስ ከራስ ሲነካካ ነው። አብረው የሚተኙ፣ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው የሚያዩ ልጆች ዋናው መንገድ ናቸው። ሹሩባ የሚበተነውን ጸጉር ስለሚሰበስብ ንክኪን ይቀንሳል፤ ፍተሻን ግን ስለሚከለክል ተፈትቶ በሚሠራበት ዕለት ሁሉ ራስ ይታይ። ሚዶ፣ ሻሽ፣ ኮፍያና ዊግ አይዋዋሱ። በትምህርት ቤት ወሬ ሲሰማ በሳምንት አንድ ቀን በእርጥቡ ማበጠር ከማንኛውም መከላከያ ቅባት ይበልጣል።

ቤቱን መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ከራስ የወደቀ ቅማል ደም ካላገኘ በ1 ወይም 2 ቀን ይሞታል። ባለፉት ሁለት ቀናት የተነካውን አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ሻሽ ከ54 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ ማጠብ ይበቃል፤ የማይታጠበውን በላስቲክ አስሮ 2 ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ሚዶ በፈላ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይነከር። ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ይህን አይመክርም። ቅማሉ ከመታየቱ በፊት ሳምንታት ቆይቷል።

ቅማሉ የተገኘው በልብስ ስፌት ውስጥ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የልብስ ቅማል ግርሻና ተስቦ ያስተላልፋል፤ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ዛሬም በኢትዮጵያ አለ። ባሕር ዳር የግርሻ ሕሙማን ራስ ላይ በተገኘ ቅማል ውስጥም የበሽታው ተህዋሲ ዘረመል ታይቷል፤ የራስ ቅማል በሽታውን ያስተላልፋል ለማለት ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በልብሱ ቅማል ያለበት ሰው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ከባድ ራስ ምታት ከያዘው የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ልብሱም ይቀቀል፣ ስፌቱ በካውያ ይተኮስ። ራስ ላይ ቅማል ያለባት ልጅ ደግሞ ባከከችው ቦታ መግል፣ እብጠት ወይም ከጆሮዋ ጀርባ ያበጠ ንፍፊት ካለ፣ ከማንኛውም የቅማል መድኃኒት በፊት ቁስሉ በጤና ባለሙያ ይታይ።